የኦቦ ጃተኒ ተራ

ኦቦ ጃተኒ ሞቱ። የነገረኝ ከሜጋ የመጣ የከብት መኪና ሾፌር ነው። ነገሌ ገበያ ዳር አቁሞ ጎማውን በእግሩ እየመታ፣ «የናንተ አገር ሽማግሌ፣ የውኃው ዳኛ፣ አረፉ እኮ። ሳንባ ምች ነው አሉ» አለኝና ወዲያው ስለ መንገዱ አቧራ ማውራት ጀመረ።

እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ለቅሶ አልነበረም። «በቡአቸው አልሞቱም!» የሚል ሐሳብ ነው የመጣልኝ፤ ደስም አለኝ። የሚወዱት ሰው ሲሞት ደስ አለኝ ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ኦቦ ጃተኒን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ቡአው ሊገድላቸው ነበር፤ ከቡአውም ጋር የተባበረ አንድ ሰው ነበር። ሁለቱንም አሸንፈው፣ ከሁለቱም በኋላ በሰላም ኖረው፣ በሳንባ ምች ሞቱ። ይህ ለሳቸው ትልቅ ድል ነው። ለቅሶው በኋላ መጣ፤ እሱን አልጽፈውም።

ስለሳቸው ስጽፍ ስለዚያ ሰውም መጻፌ ግድ ነው። ስሙን ግን አልጽፍም። ስሙን ብጽፈው ከኦቦ ጃተኒ ስም ጎን ሊቀመጥ ነው፤ ያንን ክብር አልሰጠውም። ነጋዴው እለዋለሁ። አንቱታም አልጨምርለትም። እናቴ ብትሰማ ትቆጣኛለች፤ ትቆጣ።

ያደግኩት ዱብሉቅ ነው። እናቴ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት፤ ሾፌሩም፣ ፖሊሱም፣ ከብት ሊሸጥ የመጣውም እዚያ ያርፋል። ኦቦ ጃተኒ ግን ደንበኛ ሳይሆኑ እንደ ቤቱ ምሰሶ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ የሚጠመጥሙ፣ በትራቸውን ከጉልበታቸው መሐል አቁመው አገጫቸውን በላዩ የሚያሳርፉ ሰው። አማርኛ የለመዱት ከእናቴ ሻይ ቤት ነው፤ ሲናደዱ በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ «አማርኛው አጠረኝ» ይላሉ።

ሥራቸው የውኃ ተራ ማዘዝ ነበር፤ በቦረና አባ ሄሬጋ ይባላል። የዱብሉቅን ጉድጓዶች ላላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። ኤላ የምንላቸው ጉድጓዶች ገደል ናቸው። ወንዶች ከውኃው እስከ አፋፉ በየእርከኑ ይቆሙና ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ የታችኛው ለላይኛው እየወረወረ፣ ባዶው እየተመለሰ፣ በዘፈን ያወጡታል። አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ውኃም የለም። ከብት ሊያጠጣ የመጣ ሰው ደግሞ ሠራተኛ ይዞ ይመጣል እንጂ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ዛሬ የማን ከብት ይጠጣ፣ ነገ የማን፣ ማን ከማን ይቅደም፤ ይህን የሚናገሩት ኦቦ ጃተኒ ናቸው። የሳቸው ቃል ከወጣ የባላባትም ከብት ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ተራ ይሰጣል እንጂ አይወሰድም።» የተቸገረ ሰው ለምኖ ተራ ከሰጡት እሰየው፤ ሳይጠይቅ ከገባ ግን ወሬው ከከብቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሌላ ጉድጓድም አይቀበለውም።

ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ቂመኛ ነበሩ። ቂማቸውን እንደ ጥሩ ጊደር ያሳድጉታል። «ቂም የሌለው ሰው ቀዳዳ ኦኮሌ ነው፤ ምንም አይዝም» ይላሉ። አንድ የጨው መኪና ሾፌር እያየ ጭቃ ረጭቶባቸው ነበር። ምንም አላሉትም። በሌላ ክረምት ያው መኪና ከከተማው ወጣ ብሎ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ኦቦ ጃተኒ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መፋቂያቸውን አወጡ፤ ሾፌሩ ሲቆፍር፣ ሲገፋ፣ ሲወድቅ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሲያዩ ዋሉ። መኪናው ሲወጣ «ናጋ»፣ ሰላም ሁን፣ ብለውት ተነሥተው መጡ። እናቴ ምን አደረጉ ብትላቸው፣ ምንም፣ ጥርሴን ፋቅኩ አሏት።

ቡአው የያዛቸው ከዚያው ከጉድጓዱ ነው። ገና በጉልማሳነታቸው ጠባቡ እርከን ላይ ይቆሙ ነበር፤ ቦታው አንድ እግር ብቻ ስለሚያስቆም ወገብን ጠምዝዞ ባልዲውን ወደ ላይ መወርወር ይጠይቃል፤ እና ማንም አይወደውም። ተራ አዛዥ ከሆኑ በኋላም ያንን ቦታ አልለቀቁም። አንድ ቀን አንጀታቸው ብሽሽታቸው ላይ ሾልኮ ወጣ። መጀመሪያ እንቁላል ያህል ነበር፤ በጣታቸው ሲጫኑት ይገባል። ቆይቶ ቡጢ አከለ። ከአሮጌ ኦኮሌ ቆዳ ሰፊ ቀበቶ ቆርጠው አሠሩበት። ከጉድጓዱ ወጡ፤ ጠባቡ እርከን ላይ ሌላ ሰው እስኪገኝ በየቀኑ ጭቅጭቅ ሆነ።

እየባሰ ሲሄድ ከሻይ ቤታችን ጓሮ ቁርበት ላይ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ። ከዚያ እጃቸውን እላዩ ላይ አድርገው እንደ ጥጃ ያባብሉታል። «ግባ ልጄ፣ ግባ፣ በረትህ ነው፣ ውጭ ጅብ አለ።» ሲገባ ጉርርር ይላል፤ እኔ እሰማው ነበር። እናቴ ከዚህ ሂጂ ትለኛለች፤ እሳቸው ግን «ተያት፣ ነገ እሷ ትጽፈው ይሆናል» አሏት። ይህን ያሉት ሲቀልዱ ነው። እኔ ግን አልቀለድኩም።

አውሮፕላን ይዞት የሚመጣ ፈረንጅ ቀዳጅ ሐኪም ነገሌ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ኦቦ ጃተኒ ተመዘገቡ፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተራቸው ደረሰ። የሆነውን ሲመለሱ ሻይ ቤታችን ተቀምጠው ነው የነገሩን። ጦማቸውን አድረዋል፣ ታጥበዋል፣ የሐኪም ቤቱን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አግዳሚ ላይ ተጋድመዋል። ያኔ ነጋዴው መጣ። ማጅራቱ ላይ እባጭ ነበረው። አያመውም፣ አይመግልም፤ የኮቱን አንገትጌ ያነሳበታል፣ ያ ብቻ ነው በሽታው። ለሐኪሙ ረዳት፣ ለድሬሰሩ፣ አንዲት ጊደር አስነድቶ ልኮለት ኖሯል። በኦቦ ጃተኒ እግር ላይ ተራምዶ ገባ። ይቅርታ አላለም፤ ወደ ታችም አላየም።

ኦቦ ጃተኒ ድሬሰሩን ተራው የማን እንደነበር ጠየቁት።

«ያንተ ነበር፤ ግን እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው። አንተ ነገ» አላቸው።

«ከብት አለው?»

«በሽ ነው። ምነው?»

«ምንም። ከብት ይጠማል።»

በማግሥቱ ሐኪሙ በአውሮፕላኑ ሄደ። ኦቦ ጃተኒ አንጀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የጨው ጆንያ ላይ እየነጠሩ ዱብሉቅ ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቡአው ስም ወጣለት፤ በሰውየው ስም ጠሩት፤ እኔ ግን እዚህም «ነጋዴው» እላለሁ። ጠዋት ሻይ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ፣ አካም ኦቦ ጃተኒ፣ ነጋዴው እንዴት አደረ ይላቸዋል። አልገባም ብሎ ሲያስቸግረኝ አደረ፣ ይላሉ። ወይም ደግሞ፣ ዛሬ ነጋዴው አብጧል፣ ማንን ዘርፎ ይሆን። ሾፌሮቹ ቀልዱን ይዘውት እስከ ሜጋ፣ እስከ ነገሌ ሄዱ። ሰውየው ነገሌ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ለምን እንደሚስቁ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ቀልዱ ግን ሕመሙን አላቀለለውም። ሲያስነጥሱ ያቃስታሉ፤ ሲስሉ ይቀመጣሉ። የሌላ ሐኪም ወሬ የለም። ያደገው ነገር በቀበቶው ሥር አልያዝ አለ። እናቴ ከኔ ጋር ለብቻዋ ስትሆን፣ አንድ ቀን አልገባም ካለ ይታነቅና ይገድላቸዋል ትላለች።

ከዚያ በጋው ጠነከረ። ኩሬው ሁሉ ደረቀ፤ ዱብሉቅ ጉድጓድ ዙሪያ ምድሩ በከብት ተሞላ። አንድ ጠዋት እኔ አህያችንን ጀሪካን ጭኜ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ሳለ፣ አቧራ ተነሣና ብዙ ከብት መጣ፤ ከኋላው ላንድሮቨር። ነጋዴው ነው። ኮቱን ለብሶ፣ አንገትጌው ልስልስ ብሎ ተኝቶለት። ኦቦ ጃተኒን አላወቃቸውም። ይህ ነው ያናደደኝ። «አካም፣ ናጋ?» አላቸው፣ በነጋዴ ኦሮምኛ።

ናጋ አሉት። ስለ ከብቶቹ ጠየቁት፣ ስለ መንገዱ ጠየቁት፣ ተራ ሰጡት፤ በእንግዳ ወግ ከቀዳሚዎቹ በኋላ። ከብቱ ምን በደለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ነጋዴው ተደሰተ።

ተራው ደረሰ። ሰዎቹ በየእርከናቸው ወረዱ። ዘፈኑ ግን አልተጀመረም። ከብቶቹ ውኃው ሸቷቸው ይጮኻሉ፤ እምቦሶቹ ይንበረከካሉ። ነጋዴው ምን ይጠበቃል አለ። ኦቦ ጃተኒ አንድ ቦታ ክፍት መሆኑን ነገሩት። ሠራተኛ እቀጥራለሁ አለ፤ ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። ነገሩን ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር።

«ቦታው የማን ነው?» አለ በቁጣ። «ባለቦታው ይውረድ!»

«የኔ ነው» አሉ ኦቦ ጃተኒ። ሁለት እጃቸውን ቀበቷቸው ላይ አደረጉ። «አልችልም፤ አንጀቴ ወርዷል። ነገሌ ሊቀድዱኝ ተኝቼ ነበር። በእግሬ ላይ ተራምደህ ገባህ።»

ነጋዴው አሁን አወቃቸው። እጁ ሳያስበው ማጅራቱን ዳሰሰ።

«እዚያ ተራዬን ወስደሃል» አሉት። «እዚህም ውሰደው።»

ማንም አልሳቀም። ከብቶቹ ብቻ ይጮኻሉ። ነጋዴው ከብቶቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ወደ ሌላ ጉድጓድ ቢነዳቸው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እዚያም ደርሶ ማን ይቀበለዋል? ኮቱን አወለቀ። የሚቀበለው ሰው ሲያጣ አህያዬ ላይ አስቀመጠው። አህያዬ ስትጥለው ኮቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። እኔ አላነሳሁትም።

እስከ ቀትር ወረወረ። ሲወጣ መዳፉ ተልጦ፣ ጉልበቱ ተፍቆ፣ ፊቱ ሸክላ መስሎ ነበር። ሻይ ቤታችን ገብቶ ብርጭቆ መያዝ አቃተው፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አስጠግቶ እንደ ጥጃ ጠጣ። ኦቦ ጃተኒ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ቅጣቱን ነገሩት። ከብቶቹ በጠጡ ቁጥር ይወርዳል፤ እሳቸው ተቀድደው እስኪድኑ ድረስ ጠባቡ እርከን የሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሐኪሙን መምጣት ከኦቦ ጃተኒ ይልቅ ነጋዴው ይጠብቅ ጀመር። ያለፈውን ሾፌር ሁሉ እያስቆመ አውሮፕላን አይታችኋል ወይ ይላል። ከነገሌ ማር ይልክላቸዋል፣ ትራስ ይልክላቸዋል፤ እንዳይነሱ፣ እንዳይስሉ ይለምናቸዋል። እሳቸው ማሩን ለእናቴ ሰጧት፤ ትራሱን ለውሻቸው። ነጋዴው በተራው ቀን ይመጣል፣ ጫማውን ይፈታል፣ ይወርዳል። መዳፉ ጠነከረ። ጉንጩም ጎደለ።

ነገሩ የባሰው እኔ ለትምህርት ወደ ነገሌ ልሄድ በተሰናዳሁበት ሰሞን ነው። ጓሮ ተጋድመው፣ እግራቸውን ሰቅለው፣ ግባ ቢሉት፣ ቢያባብሉት፣ ቢሰድቡት አልገባም አለ። ደረቀ። ማስመለስ ጀመሩ፤ ላባቸው ቀዘቀዘ። ነጋዴው በዚያ ቀን ከብት ሊያጠጣ መጥቶ ነበር። እናቴ ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ሳይቀደዱ ከሞቱ ፍርዱን የሚያነሳለት የለም፤ ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላንድሮቨሩን አስነሣ። ሐኪሙ ነገሌ መጥቷል የሚል ወሬ ነበር። እኔንም በዚያው ይዞ ይሂድ ተባለና ከኋላ ከኦቦ ጃተኒ ጎን ተቀመጥኩ፤ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ነጋዴው እንደ እብድ ነዳ። በየጥቂቱ ዞር እያለ፣ አይዞዎት አባቴ፣ ደረስን ይላል። አባቴ! ኦቦ ጃተኒ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። አንዴ ብቻ ገልጠው፣ «ቀስ በል» አሉት። «እኔ አልቸኩልም። የቸኮልከው አንተ ነህ።» እንዲህ እየተሰቃዩም ሲያሰቃዩት ደስ ይላቸው ነበር፤ አየኋቸው።

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ነጋዴው በጀርባው አዘላቸው። በሩ ላይ ድሬሰሩ አየና፣ ያው የድሮው ድሬሰር ነው፣ ይግቡ ይግቡ አለ። ኦቦ ጃተኒ ግን እጃቸውን ዘርግተው የበሩን መቃን ያዙ።

«ከኔ በፊት ማን አለ?»

አግዳሚው ላይ ጡቷ ያበጠ ከፊልቱ የመጣች ሱማሌ ሴት ተቀምጣለች፤ ነጩን ሸሚዝ ለብሳለች፤ ተራዋ ነው። ኦቦ ጃተኒ መቃኑን አልለቅ አሉ። ነጋዴው ሊያላቅቃቸው ሞከረ፤ የሳቸው እጅ ግን ጉድጓድ ውስጥ የኖረ እጅ ነው፤ አልተላቀቀም። «ይሞታሉ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ድሬሰሩ እሷ ትቆይ አለ። ኦቦ ጃተኒ ዓይናቸውን ወደ ሴቲቱ አደረጉ። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። ተራ ሳይሰጣቸው ከሚገቡ ደጁ ላይ መሞትን እንደሚመርጡ ገባኝ።

ነጋዴው ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣቸው። ሄዶ ሴቲቱ ፊት ተንበረከከ። በተሰባበረ ሱማሌኛው ምን እንዳላት አላውቅም፤ ግን ግንባሩ እግሯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሴቲቱ እሱን አየችው፤ ኦቦ ጃተኒን አየቻቸው። ከአግዳሚው ተነሣችና በእጇ በሩን አሳየች።

ኦቦ ጃተኒ መቃኑን ለቀቁ። ሲያስገቧቸው ወደ ነጋዴው ቀና ብለው፣ «አየህ?» አሉት። «ይኼን ያህል ነው። ያኔ ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር።»

ነጋዴው መሬት ላይ እንደተንበረከከ ቀረ።

ዳኑ። እኔ በትምህርት ሰዓት መሐል እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ነጋዴው ራሱ ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ በደስታ ያበራል። ለበዓል ዱብሉቅ ስመለስ የተራው ቀን ደረሰ፤ ከብቶቹን ነድቶ መጣ፤ ጫማውን ግን አልፈታም። ኦቦ ጃተኒ ተቀድደዋል፣ ድነዋል፣ ቅጣቱ አልቋል። እሳቸውም አልካዱም። ቃሌ ቃል ነው፣ ዛሬ የሚያዝህ የለም አሉት። ግን ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ ብሎኛል፤ የሐኪም ትእዛዝ አልጥስም፤ ቦታዬ ክፍት ነው፤ ከብቶችህ ደግሞ ይኸው ቆመዋል አሉት። ነጋዴው ወደ ሰዎቹ ዞረ። አንዱ ጥፍሩን ያያል፣ አንዱ ሰማዩን። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

ከሰዓት እናቴ አዘነችለት። ኦቦ ጃተኒ ሻያቸውን ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «አሁንስ ይበቃዋል። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉት» አለቻቸው።

«ይቅር ካልኩት ቆየሁ እኮ» አሏት።

«መቼ?»

«የተንበረከከ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

ሻያቸውን ፉት አሉ። «ይጠብቅ። እኔም ጠብቄያለሁ።»

ሳይነግሩት ሞቱ። የሚያውቁት እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ እናቴ ደግሞ ዱብሉቅ ናት። የነጋዴው ሱቅ እዚህ ነገሌ፣ ወደ ትምህርት ቤት በምሄድበት መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ሱቁን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወሬው ደርሶታል። የኦቦ ጃተኒ ጎረቤት መሆኔን ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፤ አንድ ነገር እንድነግረው የፈለገ መሰለኝ። ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ይቅርታውን ይኸው ጽፌዋለሁ። ነጋዴው ማንበብ አይችልም። ከለመነኝ አነብለታለሁ።